የሶፊያው ስንቅ

መርዳሳ የሞተው እሑድ ማታ ነው። ሱፉ ተተኩሶ፣ ሻንጣው ተሸክፎ፣ ወደ ቡልጋሪያዋ ከተማ ሶፊያ የሚደረገው የሐሙሱ ጉዞ ሁሉ ነገር ካለቀለት በኋላ። መርማሪው ሻምበል ጃራ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው የሟቹ ቤት ሲደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ጠበቀው።

«ጓድ ሻምበል፣ ኮሶ ነው የገደለው። ጠዋት ያጠጣችው ሚስቱ ጫልቱ ናት። አስረናታል። ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?»

ጃራ ክፍሉን ይዞር ጀመር። ቁጭ ብሎ ማሰብ አይሆንለትም። ሚስቱ «የሚያስበው ጭንቅላትህ ነው ወይስ እግርህ?» እያለች ትቀልድበታለች። አልጋውን ዞረ፣ ሻንጣውን ዞረ፣ ከዚያ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄደ።

ጫልቱ አራስ ናት። ልጇን ጎረቤት ይዛታለች፤ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። ነገሩ ካልጠራ ይህች ሴት ከርቸሌ ናት፣ ልጅቱም የሰው እጅ ታያለች።

«ኮሶውን መቼ ጠጣ?»

«ሊነጋጋ ሲል። ጥሬ ሥጋ ይወድ ነበር። እዚያ ሲገቡ የሆድ ምርመራ አለ ብለውት ነው።»

«ከዚያስ?»

«እኩለ ቀን ላይ ወጣለት። ታጠበ፣ ሳቀ። ‹አሁን ሶፊያን ሙሉ እበላታለሁ› አለኝ። ሆዴን ያለው አመሻሽ ላይ ነው።»

«በመሐል ምን ቀመሰ?»

ጫልቱ አንገቷን ደፋች። «አጥሚት።»

ኮሶ የሚገድለው ሰው ታጥቦ አይስቅም፤ ይህ ለጃራ ግልጽ ነው። አንገት መድፋቷ ግን አልጣመውም።

በማግስቱ ሟቹ ይመራው ወደነበረው የመስኖ ቢሮ ሄደ። ሶፊያ ላይ ለሚካሄደው የመስኖ ጉባኤ የተመረጡት መርዳሳና ብዙነህ ሲሆኑ፣ ተጠባባቂው ሶፊያ የተማረው ደሊል ነው።

«ወንበሩ አሁን የማን ሆነ?» አለው ጃራ።

«የእኔ» አለ ደሊል ፊቱ ጠቁሮ። «ለጉዞ ብዬ ሰው የምገድል እመስላለሁ?»

«ገዳይ የሚመስል ገዳይ ገጥሞኝ አያውቅም። ስለ ጉዞው ምን ታወሩ ነበር?»

«ስለ ምን ብለው ነው፣ ስለ ሆድ! ማታ ማታ እየተሰበሰብን ስለ ጉባኤው አንድ ቃል አይነሳም። ቅዳሜ ባለ ወርቅ ጉልላቱን ቤተ ክርስቲያን አይተው ጥብስ፣ እሑድ ቪቶሻ ተራራ ወጥተው እርጎ። አርብ ማታ ግን ገና መግባታቸው ስለሆነ ብዙነህ ያመጣውን ጭኮ መኝታ ክፍላቸው ሊበሉ ነበር። መርዳሳ ሁሉንም እዚሁ በወሬ ጨርሶታል።»

«ብዙነህስ ምን አማረው?»

ደሊል አሰበ። «እሱ የሚጠይቀኝ ባቡር ጣቢያው ከሆቴሉ ይርቃል ወይ፣ ወደ ዩጎዝላቪያ የሚሄደው መቼ ይነሳል እያለ ነበር። ባቡር ይወዳል ብዬ ተውኩት።»

ብዙነህ ዐይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ጃራ ጠረጴዛውን እየዞረ ጠየቀው።

«ፓስፖርት የሚይዘው ማን ነበር?»

«መሪው ነዋ። የሁለታችንንም የሚይዘው መርዳሳ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሻምበል፣ ሻንጣው ውስጥ የቢሮ ወረቀት ነበረ። እርስዎ ከሚቸገሩ እኔው ልውሰደው?»

«እኔ አልቸገርም» አለ ጃራ።

ሻንጣው ውስጥ ከሸሚዞቹ መሐል የዱቄት ወተት ጣሳ አገኘ፤ የገብስ ጭኮ ነው፣ ቅቤው ያውዳል። ላዩ በማንኪያ ተደልድሏል፣ ጣሳው ግን እስከ አፉ ሙሉ አይደለም። ስንቅ አጉድሎ የሚሰጥ ሰው ደግሞ በአገሩ የለም። ወደ ጫልቱ ተመለሰ።

«አጥሚት ብቻ አይደለም።»

አለቀሰች። «አፈርኩ፣ ሻምበል። ከብዙነህ ጋር ‹አርብ አብረን ነው የምንከፍተው› ብለው ተስማምተው ነበር። ኮሶው ሆዱን ባዶ ስላደረገው አሳዘነኝ፣ ትንሽ ቀመሰ። የሰው አደራ በላን እንዳንባል ደልድዬ መለስኩት።»

ረቡዕ ዕለት ጃራ ሁሉንም ሐዘን ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው፤ ጫልቱንም ከእስር ቤት አስመጣት። እንደዚያው ያለ ጣሳ አውጥቶ «ለነፍሱ ቅመሱ» አለ። ደሊል ግራ ገብቶት ቆነጠረ። ሊቀመንበሩ ሁለቴ ጎረሰ። ብዙነህ እጁን አልዘረጋም።

«ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅቤ አልነካም፣ ጾመኛ ነኝ።»

«ረቡዕን ትጾማለህ። አርብንስ?»

«አርብማ እንዴት...» ብዙነህ ቃሉን አልጨረሰም።

«ይህ ጭኮ ከቤቴ የመጣ ነው፣ አትስጉ» አለ ጃራ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ። «ከሻንጣው ጣሳ የቀመሰች ዶሮ ግን ትናንት ሞታለች። ኮሶ ጠዋት ጠጣ፣ ቀትር ላይ ደህና ነበር። ከዚያ ጭኮውን ቀመሰ፣ ሞተ። ደሊል ወንበሩን ቢፈልግ እዚሁ ይገድለው ነበር እንጂ ሶፊያ ላይ የሚከፈት ስንቅ ምን ይጠቅመዋል? ጫልቱም ብታውቅ ጣሳውን ትደፋው ነበር እንጂ አደራ ብላ አትመልሰውም። መርዳሳ የወንጌል አማኝ ነው፣ ደሊል እስላም ነው፤ የብዙነህን ጾም ማንም ልብ አላለውም። አርብ ማታ ቅቤ የማይበላ ሰው የአርብ እራት ብሎ ጭኮ ያመጣው ለማን ነው? መርዳሳ ሲወድቅ ብዙነህ የራሱን ፓስፖርት ይወስዳል፣ ከዚያ ባቡር ጣቢያ፣ በዩጎዝላቪያ አድርጎ ይኮበልላል።»

ብዙነህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ወንድሜን በቀይ ሽብር ሲገድሉት ሬሳውን እንኳ አልሰጡኝም። መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት። የጨመርኩበት የጥጥ ተባይ መድኃኒት ነው። እዚያ ቢሆን ልብ ድካም ይሉት ነበር። እዚህ፣ እሷ ፊት እንዲበላው አልነበረም!»

«ለእሱ ምን ልዩነት አለው?» አለ ጃራ ተቆጥቶ፤ ፖሊሶቹም ወሰዱት።

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን እያሻሸ ወጣ። ጎረቤቷ ሕፃኗን አምጥታ ጫልቱ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቱ በጉጉት መጥባት ጀመረች፤ እናቷ ግን ቀኝ እጇን ዘርግታ ታየዋለች።

«ሻምበል፣ እሱ እምቢ ብሎኝ ነበር። ‹የብዙነህ ነው፣ ተይው› አለኝ። በእጄ አጎረስኩት። ጉርሻ ስለሆነ አልመለሰውም። ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ በእጄ!»

ጃራ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም አልተነሳም።