አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር

የልጆች ሰርቪስ የሚነዳው ሰው እኩለ ቀን ላይ፣ ከቁልቁለቱ ኩርባ በታች፣ መሪውን እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ደግነቱ ልጆቹን ጠዋት አድርሶ ብቻውን ነበር። ሚኒባሱ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ዋስትናው አላለቀም። በሦስተኛው ቀን መኪናውን የሸጠው ጋራዥ ለሚስትየው ወረቀት ላከላት፦ ሟች የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራበት በጥቁር የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ሸፍኖት ሲነዳ ሞተሩ ጠፍቶ ሞተ፤ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ፈርሚ። ሐዘን ቤት የሚላከው እንግዲህ ይሄ ነው።

አልፈረመችም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ወረቀቱን አደጋውን በያዘችው መርማሪ ፊት አስቀመጠችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ጭኖ አንድም ቀን ያላስጫረ ሰው ነው» አለች። «አሁን ወላጆቹ ‹ልጆቻችንን በዚያ መብራት ነዳቸው› እያሉ ሰላምታ ነሱኝ። እሱን ቀብሬዋለሁ፤ ስሙን ግን አልቀብርም።»

«የዚያን ቀን ምን አለሽ?»

«ልጆቹን እንዳወረደ ደወለልኝ። ‹መብራቷ አሁን በራች፣ በቀጥታ ጋራዥ እየገባሁ ነው› አለኝ። እነሱ ግን ጭራሽ አልመጣም ይላሉ።»

መርማሪዋ ለነገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ እስኪጠግብ ትተወዋለች። በማግስቱ ወደ ጋራዡ ሄደች። የተጨፈለቀው ሚኒባስ ከኩርባው ተጎትቶ መጥቶ ጓሮ ቆሟል። ባትሪው ተሰባብሯል፤ የዳሽቦርዱ መስታወት ግን ተርፏል፤ በስተቀኝ ጥግ ላይ ጣት የምታህል ናስትሮ ተለጥፋበታለች። የጓሮው ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ ነው፦ በእንግዳ ተቀባይዋ፣ በመካኒኩና በኃላፊው።

«መዝገብ ላይ የለም» አለች ተቀባይዋ። «ያልተመዘገበ መኪና አልገባም ማለት ነው።»

«ያን ጠዋት ከወንበርሽ አልተነሳሽም?»

ልጅቷ የኃላፊውን በር በጎን አየችው። «ጋሼ መለዋወጫ ክፍል ልከውኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቢሆነኝ ነው።»

መካኒኩ ከአንድ መኪና ስር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። አጠገቡ ከሟቹ መኪና ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሚኒባስ ነበር።

«እስቲ ቁልፉን ጠምዝዘው» አለችው። መብራቶቹ ሁሉ በሩ። የሞተሩ ምልክት ከግራ ጥግ ቢጫ ሆኖ ወጣ።

«ሁልጊዜም እዚህ ጋ ነው?»

«ከአምስት ዓመት በፊት በተቀየረው በቀድሞው ሞዴል ላይ በቀኝ ነበር አሉ። እኔ ስቀጠር አዲሱ ነው የጠበቀኝ፤ የድሮውን ነክቼው አላውቅም።»

ኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ እሱ ራሱ ድሮ መካኒክ ሳለ ቱታ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። ቀና ብሎ ተቀበላት።

«በዋስትና ሁለት ጊዜ ሠርተንለታል፤ ምን ያልሆንለት ነገር አለ? ቸልተኛ ሰው ነው እመቤቴ። ናስትሮውን በዓይንዎ አዩት እኮ።»

«መፍታት መግጠም አይናፍቅዎትም?»

«ስድስት ዓመት ብሎን አልነካሁም» አለ በኩራት። «አሁን ሥራዬ ማዘዝ ነው።»

«የሞተሩን ችግር የሚያነበው መመርመሪያ ኮምፒዩተርስ?»

«እሱማ ከመሳቢያዬ አይወጣም። ማንንም አላምንም።»

አይ ሰው! ሳይገደድ ራሱን በገዛ አፉ አሰረ።

ከሁለት ቀን በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው ከአንዲት ተማሪ እናት ጋር መጣች፤ ለቀስተኛ ፊት «ልጆቻችንን ሊፈጅ ነበር» ያለችው ይህቺው እናት ናት።

«መብራት ሲበራ» ብላ ጀመረች መርማሪዋ፣ «መኪናው ችግሩን ይመዘግባል። ሰው በመመርመሪያ ሲሰርዘው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንት እንደተነዳ ይቆጥራል፤ ባትሪ ቢሰበርም አይጠፋም። ቁጥሩን በቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር አስነበብኩት። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ይላል። ከዚህ በር እስከ ኩርባው በመኪናዬ ለካሁት፤ አሥራ ሰባት ነው።»

ኃላፊው «በአጋጣሚ…» ብሎ ተወው።

«ስለዚህ መጥቷል፤ መብራቱም እዚህ ጠፍቷል። ከዚህ ሲወጣ ዳሽቦርዱ ጨለማ ነበር። የጠፋ መብራት ማን ይሸፍናል? ናስትሮው የተለጠፈው ከሞተ በኋላ ነው። ባትሪው ስለተሰበረ ደግሞ የለጠፈው ሰው ምልክቱ የት እንደሆነ አብርቶ ማየት አልቻለም፤ እጁ በለመደው ለጠፈ። በቀኝ። የዚህ መኪና በግራ ነው። መካኒኩ አይሳሳትም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያየው ነው የሚውለው። ተቀባይዋ ሞተር ነክታ አታውቅም፤ እጇ የሚለምደው ነገር የለም። የድሮውን ብቻ የሚያውቅ፣ መመርመሪያውን መሳቢያው ውስጥ የሚቆልፍ፣ ተቀባይዋንም ከወንበሯ ያስነሳ አንድ ሰው ነው።»

ኃላፊው ላቡን ጠረገ። «ለሦስተኛ ጊዜ ከተመዘገበ ፋብሪካው መጥቶ ሞተሩን ያየዋል። ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ከሥራዬ ያነሱኝ ነበር። ዓይኔን ከኮምፒዩተሩ ሳላነሳ አጠፋሁለትና ‹ተስተካክሏል፣ ሂድ› አልኩት። ይሞታል ብዬ አይደለም።»

መርማሪዋ ካቴና አወጣች። ሚስትየው ግን መሀል ገባች።

«ቆይ፣ ገና አልጨረሰም። ወደሷ ዞረህ ንገራት።»

ወደ እናትየው ዞሮ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«አልሰማችህም።»

«መጥቶ ነበር» አለ። «መብራቷ እንደበራች ወዲያው መጥቶ ነበር። እሱ ምንም አላጠፋም።»

እናትየው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ሚስትየው አላለቀሰችም።

«አሁን ይውሰዱት» አለች።