በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያረፈው ፊርማ

ልጁ የሞተው ዓርብ ነው፤ የተገኘው ሰኞ ጠዋት። በመሃል ባሉት ሁለት ቀናት «የት ገባ?» ያለ ሰው አልነበረም። ዶክትሬቱን ጨርሶ፣ በየዓመቱ በሚታደስ ፌሎሺፕ፣ ማለትም በምርምር ድጎማ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይመራመር ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ያገኘችው፣ ናሙና በፈሳሽ ናይትሮጅን በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል፣ የሥራ ደብተሩን እንደታቀፈ ነው።

ከዚያ ፈሳሽ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ አየሩን ገፍቶ ሰውን ዝም ብሎ ያስተኛል። ለዚህ ነው አየር ማውጫና ማስጠንቀቂያ ደወል የተገጠመው። ሁለቱም ተዘግተው ተገኙ። ማጥፊያቸው ደግሞ ከበሩ ውጭ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ነገሩ ግልጽ ነው አሉ። ፌሎሺፑ ዘንድሮ ለአንድ ሰው ብቻ ይታደሳል፤ ልጁ ጭንቀት ስለጸናበት አየር ማውጫውንና ደወሉን አጥፍቶ ገባ። ለዚያው ቦታ የሚወዳደረው ባልደረባውም ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እህቱ ዘንድ እንደሄደ ተናግሮ አንገቱን ደፋ።

አባትየው አናጢ ናቸው፤ ከሩቅ ነው የመጡት። ኮሪደሩ ላይ የፖሊስ መርማሪዋን እጅ ያዙ።

«ልጄ የሞተው በገዛ እጁ ነው ወይ? እንዲያ ከሆነ ለእናቱ ምን ብዬ እገባለሁ?»

«አባባ፣ ሳላጣራ አልመልስልዎትም።»

ደብተሩን ቀኑን ሙሉ ስታገላብጥ ዋለች። በየገጹ ሁለት ፊርማ ለምን እንዳለ ስትጠይቅ፣ አንዱ የሠሪው፣ ሌላው ሥራውን ያየው ምስክር የፈረመው ነው ተባለች። በማግስቱ አባትየውን ጨምሮ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይሄ የዓርብ ገጽ ነው። የምስክሩ ፊርማ ያንተ ነው?» አለችው ባልደረባውን።

«የኔ ነው። ግን ጠዋት፣ ገጹ ባዶ ሳለ ነው የፈረምኩት። እዚህ ቤት ለምደነዋል።»

ፕሮፌሰሩ አፈሩ፤ ልማዱ እውነት ነበርና።

«እኔ ሳይንስ አላውቅም፤ ፊርማ ግን ሳይ ነው ያረጀሁት» አለች መርማሪዋ። «ማሽኑ የልጁን ውጤት ያተመበት ወረቀት እዚህ ገጽ ላይ ተለጥፏል። ማንም እንዳይቀይረው ምስክሩ ግማሽ ፊርማውን ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹን ደብተሩ ላይ ያሳርፋል። አንተም እንደዚያው አድርገሃል። ባዶ ገጽ ላይ ፈርመህ ቢሆን ወረቀቱ ፊርማህን ይሸፍነው ነበር። ወረቀቱ ላይ እንደሚታየው ማሽኑ ያተመው ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሄድኩ ካልክ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ።»



እሷም ቀጠለች። ሊሞት የተሰናዳ ሰው ሥራውን አያስመሰክርም፤ ደብተሩ ላይ እንደጻፈውም ለሰኞ የሚሆን ናሙና ሊያስቀምጥ አይገባም። ልጁ አስፈርሞ ገባ፤ ፈርሞለት ውጭ የቆመው ሰው ማጥፊያውን ነካ፤ በሩንም ዘጋ። ደብተሩን ያልወሰደው ረስቶ አይደለም፤ ሊያወጣው ቢገባ ከጋዙ እሱም አይመለስም ነበር።

«የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው» አለ ባልደረባው በመጨረሻ። «ከዚህ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

መርማሪዋ ወደ አባትየው ዞረች። «በገዛ እጁ አይደለም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ረዥም ትንፋሽ አወጡ። ከዚያ ገዳዩን ትኩር ብለው አዩት፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረውም።

«ልጄ እዚህ የሚያወራው ሰው ነበረው?»

ባልደረባው ቀና አላለም።

«እኔ ነበርኩ» አለ።