እስከ አያት

«ነገ እመጣለሁ ብዬ ልኬ ነበር፤ ዛሬ አሞኛል» አሉ እትዬ ትብለጽ፣ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘው በሌላው በሩን ገርበብ አድርገው።

አይናዲስ ግራ ገባት። ገና ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም። የሐምሌ ዝናብ ከጣራው ጠርዝ አንገቷ ውስጥ ይንጠባጠባል። ክላሰሩ እንዳይርስባት ግማሹን ሹራቧ ውስጥ ሸጉጣ አቅፋዋለች።

«የት ነው የሚመጡት?»

«ስብሰባው ነዋ። ከቀበሌ አይደለሽም?»

አለመሆኗን፣ የዳቦ ቤቱ የወርቅአፈራሁ ልጅ መሆኗን ነገረቻቸው። እትዬ ትብለጽ ወገባቸውን ለቀቁና እየሳቁ ወደ ውስጥ ሳቧት። ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ ከቀበሌ የመጣ ይመስላቸዋል። ባለፈው ሳምንት የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ እንኳ አሞኛል ብለው እንደመለሱት አወሩላት።

አባቷ የሚሠራው ድሮ የግሪኩ ይባል በነበረውና ከተወረሰ ወዲህ በቁጥር በሚጠራው የፒያሳ ዳቦ ቤት ነው። የሠራተኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር ጸሐፊም እሱ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ሰኔ ሲዘጋ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ያስገባል። የዘንድሮው ግን በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ተመለሰ። አባቷ ቀኝ እጁን ምድጃው አቃጥሎት ስለነበር እንደገና የመጻፉ ሥራ ለእሷ ደረሳት።

ሪፖርቱን ያስመለሰው የዳቦ ቤቱ ልማድ ነው። እዚያ ሰው በአባቱ ስም አይጠራም። ሐጎስ ተክላይ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ዳቦ ይጋግራል፣ ሌላው በብስክሌት ያድላል። አባቷ እንዳይምታቱበት ሲል «ሐጎስ ምድጃ»፣ «ሐጎስ ብስክሌት» ብሎ መዘገባቸው። ከዚያ ሌሎቹንም በየመጠሪያቸው ቀጠለ። አቶ አጥናፉ «ጨው» ሆኑ፤ ሊጥ የሚያቦኩት እትዬ ትብለጽ ደግሞ «እርሾ»። መሥሪያ ቤቱ በኅዳጉ ላይ እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «“ምድጃ” የአባት ስም ነው? ይገለጽ። የአባላት ስም እስከ አያት ተሟልቶ በሐምሌ መጨረሻ ይቅረብ።» እስከዚያ ካልቀረበ ማኅበሩ በአዲሱ የበጀት ዓመት ለማንም ማበደር አይችልም።

አይናዲስ ይህን ስታነብ መጀመሪያ የመጣባት ጥያቄ፣ ዳቦ ጋጋሪ ለመበደር አያቱ ምን ያደርጉለታል የሚል ነበር። አባቷ ሲያስረዳት ገባት። ከሁለት ዓመት በፊት የአንዱ ሐጎስ ቁጠባ በሌላው ስም ሲገባ ከርሞ፣ ሁለቱ ሰዎች እስከ ፋሲካ ተኳርፈው ነበር። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የሚለያቸው አያት ነው። ነገሩ እንደ ሒሳብ ጥያቄ መልስ ደስ አላት፤ ቤት ለቤት እየዞረች ልትጠይቅም በራሷ ፈቃድ ተነሣች።

ሥራውን ወደደችው። ሐጎስ ብስክሌት አያቱን ሲጠየቅ እስከ ሰባት ቤት ቆጠረላትና ሊቀጥል ሲል፣ በፎርሙ ላይ ያላት ሳጥን አንድ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። አቶ አጥናፉ ጣራ ጣራ እያዩ ቆዩና ሚስታቸውን ጠየቁ። ሁሉም ሞላ። የቀረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለው የእትዬ ትብለጽ ብቻ ነው።

ቤቱ ያፈሳል። ከአልጋው ግራና ቀኝ ሳፋ፣ ድስት፣ የወተት ጣሳ ተደርድሯል። ቀጣዩ የብድር ተራ የእሳቸው እንደሆነና በብሩ ቆርቆሮ ሊገዙ እንዳሰቡ አይናዲስ ከአባቷ ሰምታለች። ቀበሌ ለምን እንደማያድስላቸው ስትጠይቃቸው፣ «ቤቱን ወረሱት፤ ጣራውን ለኔ ተዉልኝ» አሏት።

ክላሰሩን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ስም፣ ትብለጽ። አባት፣ አስገዶም። አያት ላይ ሲደርሱ እትዬ ትብለጽ ተነሥተው የሞላውን ጣሳ ደጅ ደፉ። ተመልሰው ተቀምጠው፣ አስገዶም የወለዷቸው አባት እንዳልሆኑ ነገሯት። እናታቸው ከትግራይ ይዛቸው መጥታ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አስገዶም እዚሁ አራዳ በርበሬ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ አሳደጓቸው፤ ስማቸውንም ሰጧቸው። የአስገዶምን አባት ስም ጠይቀው አያውቁም። የወላጅ አባታቸውን ስምም ቢሆን የነገራቸው ሰው የለም።

«ስቆጥብ አያት የጠየቀኝ የለም» አሉ በመጨረሻ። «አሁን አያት ከሌለኝ ብሩ የኔ አይደለም?»

አይናዲስ ሳጥኑን ባዶ ትታ ወጣች።

ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ዘውዲ ግን መልስ አታጣም። ጉዳዩን ሰምታ ሳትጨርስ፣ «ፋራ አትሁኚ» አለቻት። «ፎርም ነው እንጂ ንስሐ አይደለም። ወልደማርያም በይው። በዚህ አገር አያቱ ወልደማርያም ያልሆነ ማን አለ?»

አይናዲስ ሳቀች። ማታውን ለአባቷ ስትነግረው ግን እሱ አልሳቀም፤ የዘውዲን ሐሳብ ወደደው። ማንንም አይጎዳም አለ። ጣራውን አይታዋለች፤ ለእትዬ ትብለጽ ሲባል ነው። አይናዲስ ስሙን በእርሳስ ጻፈችው። አምሮ ተቀመጠ። በቀለም ልትደግመው እስክሪብቶ ካነሣች በኋላ ግን፣ አያቱን የማያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ሊሆኑ አይችሉም ብላ አሰበች። ለሌሎቹ ምን ይጻፍላቸው ይሆን?

በማግስቱ ለማንም ሳትናገር መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደች። ባንኮኒው ከደረቷ ከፍ ይላል። ከጀርባው የተቀመጠችው ወጣት ሴት ጥያቄውን ስትሰማ መጀመሪያ የምታሾፍባት መሰላት። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ባልደረባዋን ጠየቀች፤ እሱ ሌላውን ጠየቀ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወንበራቸውን አዙረው ተከራከሩ። አንዱ የእናት አባት ይጻፍ አለ፤ ሌላው የክርስትና አባት። በመጨረሻ አለቃቸው ከውስጠኛው ቢሮ ወጥቶ ነገሩን ቆረጠው። «አይታወቅም» ይጻፍ፤ አባሏ ትፈርምበት፤ የሚያውቋት ሁለት ምስክሮች ይቅረቡ። የሌሎቹ ሪፖርት ያልፋል። የእሷ ብድር ግን ኮሚቴ እስኪያየው ይቆያል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው መስከረም ላይ ነው።

አይናዲስ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ወረደች። ባትጠይቅ ኖሮ ወልደማርያም ማለፊያ መልስ ነበር። አሁን ግን ሁለት መልስ አላት። አንደኛው ቆርቆሮውን በነሐሴ ያመጣል። ሁለተኛው ክረምቱ እስኪወጣ ያስጠብቃል። ደግሞም ማንም አይጠይቃትም። አባቷ ፈቅዷል፤ ስሙ ተጽፏል፤ የቀረው በእርሳሱ ላይ በቀለም መሄድ ብቻ ነው።

ቤት ገብታ ክላሰሩን ከፈተች። ወልደማርያም የሚለውን አየችው። ላጲሷን አውጥታ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ቀስ አድርጋ አጠፋችው። ነጠላ ደርባ እንደገና ወደ ዶሮ ማነቂያ ወጣች።

እትዬ ትብለጽ ከዳቦ ቤት ገና መግባታቸው ነበር፤ ክንዳቸው ላይ ዱቄት አለ። አይናዲስ ሁለቱንም መንገድ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። የነሐሴውንም የመስከረሙንም።

«ወልደማርያም ማናቸው?» አሉ።

«ማንም አይደሉም። ዘውዲ ያመጣቻቸው ናቸው።»

ሳፋው ውስጥ የሚወርደው ጠብታ ይሰማል። እትዬ ትብለጽ በእግራቸው ወደ አልጋው ጠጋ አደረጉት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ» አለች አይናዲስ። «ሳልነግርዎ መጻፍ ግን አቃተኝ።»

«ብሞት» አሉ እትዬ ትብለጽ፣ «የእኚህ ወልደማርያም የልጅ ልጆች ነን ብለው መጥተው ብሬን ሊካፈሉት ነው?» ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «አስገዶም አይተውኝ፣ ወድደው ስማቸውን ሰጡኝ። እኚህ ሰውዬ ግን አላዩኝም። ያው እንደሆነው ጻፊው።»

አይናዲስ «አይታወቅም» ብላ በቀለም ጻፈች። እትዬ ትብለጽ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው አጠገቡ ፈረሙ።

ሪፖርቱ በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት ገባ። አባቷ ለሁለት ቀን ያህል ሲነጫነጭ ሰንብቶ፣ እሱና አቶ አጥናፉ ለምስክርነት ሄዱ። ብድሩ መስከረም ላይ ተፈቀደ። ቆርቆሮው የተመታው ጥቅምት ውስጥ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው።