የጄኔራል ራዶሚርስኪ ልጅ አሟሟት

ሌሼክ ራዶሚርስኪ ኦቴሎ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ በጄኔራሉ አባታቸው ፎቶግራፍ ሥር፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ስለነበር ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ልባቸው ቆሞ ነው ብለው አሰቡ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን ከአፋቸው ውስጥ የትራስ ክር አወጣ።

ምርመራው ለሁስና ዓብዱረዛቅ ተሰጣት። ሁስና ደሴ ተወልዳ እዚሁ አጠገብ ባለችው የሲታክ ከተማ ያደገች፣ ብዙ የምትሰማና ጥቂት የምትናገር መርማሪ ናት። በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ የነበራቸው ሴት ልጃቸው ዳኑታ፣ ተንከባካቢያቸው ባየሽና የጄኔራሉን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው ቶማሽ ብቻ ነበሩ።

«አብራው የምትውለው እሷ ናት» አለች ዳኑታ፣ ወደ ኩሽናው እያየች። «እኔን ምን ይጠይቁኛል?»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሲታክ፣ የምሠራበት ሆቴል። ስብሰባ እየመራሁ ነበር።»

የሥራ ባልደረቦቿም ይህንኑ አረጋገጡ።

ባየሽ ኩሽና ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት።

«እትዬ ባየሽ፣ ያን ቀን ከቤት ወጥተው ነበር?»

«አዎ ልጄ። የጆሯቸው መስሚያ ተበላሽቶ ባቡር ስቴሽኑ አጠገብ ያለው ሱቅ ወሰድኩት። ቆዪ አሉኝ፣ ሶ ጠበቅኩ። ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ኮል አድርጎ ሥራ እንዳትገቢ ብሎኛል።»

«ሁለቱንም መስሚያ ነው የወሰዱት?»

«ሁለቱንም። ያለሱ ምንም አይሰሙም። ፊት ለፊታቸው ከተቀመጥሽ ግን ከንፈርሽን አይተው ይመልሱልሻል። የማያውቅ ሰው የሚሰሙ ነው የሚመስለው።»

«ሰሞኑን የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር?»

ባየሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአባታቸው ነገር። ፖላንድ ውስጥ ሐውልት ሊቆምላቸው ነው፤ በምረቃው ላይ እሳቸው በቪዲዮ ሊናገሩ ነበር። ‹አባቴ ሊሞት ሲል ስለ ድልድዩ የነገረኝን እናገራለሁ› ይሉኝ ነበር። የምን ድልድይ እንደሆነ አላውቅም።»

ቶማሽ ግን ያውቅ ነበር። ፎቶግራፉን ቀና ብሎ እያየ ተረከላት።

«በፈረንጆቹ 1939 ጀርመኖች ሲወሩን ጄኔራሉ የመጨረሻው ወታደር እስኪሻገር ድልድዩ ላይ ቆሙ። ከዚያ እንግሊዝ ገቡ፣ ከዚያም ሆነው ተዋጉ። ጦርነቱ ሲያልቅ አዲሱ መንግሥት ዜግነታቸውን ገፈፋቸው። ጄኔራል የነበሩት ሰው ለንደን ውስጥ ሣጥን ሲሸከሙ አረጁ። ስማቸውን ወደ አገራቸው በክብር ለመመለስ ሃያ ዓመት ደክሜአለሁ።»

«ልጃቸውን መጨረሻ ያነጋገሩት መቼ ነው?»

«በሞተበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። እኔ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ሶዶ ሰፈር ነበርኩ፤ ደውዬለት ብዙ አወራን። ስለ ምረቃው ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፤ ደስ አለው።»

ሁስና የስልክ ኩባንያውን ጠየቀች። ከቶማሽ ሞባይል ወደ ቤቱ ስልክ ተደውሏል፤ ስልኩም ተነሥቷል።

በማግስቱ ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ነገሩ ከስልኩ ይጀምራል» አለች። «ሟቹ ያን ቀን በስልክ ማውራት አይችሉም ነበር። መስሚያቸው ሱቅ ነበር።»

«እንዴት ይሆናል?» አለ ቶማሽ። «ያልኩትን ሁሉ በደንብ ይሰማኝ ነበር እኮ።»

«አይሰሙም ነበር። ከንፈርዎን ነበር የሚያዩት። ከንፈርዎን ካዩ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።»

ቶማሽ ወደ በሩ አየ።

«ታዲያ ስልኩን ማን አነሣው? ባየሽ ሱቅ ሲጠብቁ ካሜራ ቀርጿቸዋል። ዳኑታ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ገድለዋቸው ሲያበቁ ሶዶ ያሉ እንዲመስል በሞባይልዎ ደውለው፣ የቤቱን ስልክ ራስዎ አነሡት። ባየሽ ከወጡ በኋላ ሟቹ በሕይወት እንደነበሩ የመሰከሩልን እርስዎ ብቻ ነዎት። አሁን የቀረኝ ድልድዩ ነው።»



«ጄኔራሉ ድልድዩን ያፈረሱት ወታደሮቻቸው ማዶ እያሉ ነው» አለ ቶማሽ። «ሌሼክ ይህን ሁሉ ዓመት ደብቆኝ፣ ሐውልቱ ሊቆም ሲል ነገረኝ። ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ‹ማዶ የቀሩትስ?› አለኝ። ትራሱ አጠገቤ ነበር።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ዳኑታ ወደ ባየሽ ዞረች። ይቅርታ የምትጠይቃት መስሎ ነበር።

«ስለ ድልድዩ የሰማሽውን ለማንም አትናገሪ» አለቻት። «አያቴ ነው።»

«እሳቸው የሞቱት ይህን ሊናገሩ ሲሉ ነው» አለች ባየሽ።

ዳኑታ እንድትወጣ በሩን ከፈተችላት።

ሁስና በመኪናዋ ወደ ሲታክ ወሰደቻት። አፓርታማዋ ሊደርሱ ሲሉ ባየሽ ጠየቀቻት።

«ፍርድ ቤት ይጠሩኛል?»

«ይጠሩዎታል።»

«እዚያ እናገራለሁ። ኤጀንሲውስ ይመልሰኝ ይሆን?»

«አላውቅም እትዬ ባየሽ» አለች ሁስና።

ችሎቱ ሳይጀምር ሐውልቱ በማርሽ ባንድ ታጅቦ ተመረቀ። ዳኑታም በቪዲዮ ቀርባ፣ አያቷ ድልድዩን የተሻገሩት ከወታደሮቻቸው ሁሉ መጨረሻ እንደነበር ተናገረች።