ቆሞም ያቀዘቅዛል

በዚያ ዓመት በልግ አልዘነበም። ደመናው ጠዋት ይከብዳል፣ ከሰዓት ይበተናል። የተጂ ኩሬዎች ደረቁ። ከብቱ ከሳ፤ ጭድ ተወደደ። ሰበታ ላይ የቧንቧ ውሃ ሲመጣ ሴቶች እየተጠራሩ ይወጡ ነበር፤ ሲጠፋ ዝም ይላሉ። አቧራው ቤት ገብቶ ከሰው ጋር ያድራል።

በዚያ ሐሩር የጭድ ነጋዴው አቶ ጌታቸው መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ።

ጎኗ የተላጠው ነጭ መኪናቸው ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆማለች። ሽማግሌው በሾፌሩ ወንበር ላይ ናቸው። መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ ጠፍቷል፤ የኤሲው ማብሪያ ግን እንደተጫነ ነው። ሐኪሙ በመኪና ጭስ ታፍነው ሞቱ አለ። ኤሲውን በቀደመው ቀን የጠገነው መካኒክ ሙሴ ታሰረ።

ኢንስፔክተር ደጊቱ መጀመሪያ የሄደችው ወደ እሱ ነበር።

«ኤሲው ምን ነበረበት?»

«ስትሄድ ያቀዘቅዛል፤ ስትቆም ሙቅ አየር ይነፋል። ሌላ ቦታ ጋዝ አልቋል እያሉ ሞልተውላቸዋል። ጋዙ ሙሉ ነው። ሞተሩን አስነስቼ ከፊት ጎንበስ ብዬ ሳይ ፋኑ አይዞርም። ስትሄድ የመንገዱ ነፋስ ይበቃዋል፤ ስትቆም የሚያራግብለት የለም። ከቡራዩ ያገለገለ ፋን አምጥቼ ቀየርኩ። ያኔ ቆሞም ማቀዝቀዝ ጀመረ።»

«ጭሱስ?»

«ከሥር ስገባ የጭስ ማውጫው ተሰንጥቋል። ወለሉም በስብሶ ተቀዷል። ነገ አምጣትና እበይደዋለሁ፤ እስከዚያ መስኮት ዘግተህ ሞተር አስነስተህ እንዳትቆም አልኩት።»

«ማንን?»

«ልጃቸውን፣ ዓቢይን። መኪናዋን የወሰደው እሱ ነው።»

«ያየ ሰው አለ?»

«የጊዮርጊስ ቀን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ዘግቷል። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ብቻዬን ስሠራ ነበር።»

ደጊቱ ልትወጣ ስትል ሙሴ ተነሣ።

«ኢንስፔክተር፣ እንደፈለጋችሁ ፍረዱብኝ። ጉድጓዳቸውን ግን እኔ ልቆፍር።»

ዞር አለች። እንዲህ የሚል ተጠርጣሪ አይታ አታውቅም።

«ከወላይታ በመጣን በዓመቱ ልጄ ሚርያም ሞተችብኝ። እድር የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ጋሽ ጌታቸው ዶማ ይዘው መጡ። ክረምት ነበር፤ ጭቃውን ብቻቸውን ቆፈሩ። ብድርዎን በምን ልመልስ ስላቸው ‹ለእኔ ትቆፍራለህ› አሉኝ፤ እየሳቁ።»

አስከሬኑ ከሆስፒታል የሚመለሰው በማግስቱ ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ያ መካኒክ እጁ ይቆረጥ!»

«እትዬ ስንዱ፣ ጋሼ ኤሲ ይወዱ ነበር?»

«ጌታቸው? በዚህ ሐሩር መስኮት እንኳ አያስከፍትም! ብርድ መታኝ ነው ጸሎቱ። ያንን ነገር አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም፤ የት እንደሚበራም አያውቅ። ልጄ ነው ይሠራ ያለው።»

«ዓቢይ የት ነው የሚውለው?»

«ፉሪ፣ ፑል ቤት። አባቱ እየጮኸበት።»

የጭድ ንግድ ሸሪካቸው ሕዝቅያስ ከለቀስተኛው ራቅ ብሎ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሕዝቅያስ?» ብላ ደጊቱ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቀችው።

«ምን ደህንነት አለ አንቺ ልጅ፤ ሰዉ ሁሉ እንደ ገዳይ ያየኛል።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ጭዱን በአምናው ዋጋ ለገበሬው እንስጥ አለኝ። እኔ እንያዘው አልኩ። ሰደብኩት፣ ሰደበኝ። ከእንግዲህ ማን ይሰድበኛል?» ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ያን ቀን ተጂ ጭድ ሲያስጭን መዋሉን ጫኞቹ ሁሉ መሰከሩለት።

ዓቢይ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል። ዓይኑ አብጧል።

«መኪናዋን ከጋራዥ ማን አወጣት?»

«አባዬ ራሱ። እኔ ከተሠራች ወዲህ አላየኋትም።»

«ሙሴ ስለ ጭሱ ነግሬዋለሁ ይላል።»

«ውሸቱን ነው! አላገኘሁትም፣ አልደወለልኝም። ኤሲውንስ ሠርቶታል፣ ቆሞም ያቀዘቅዛል። ጭሱን ነው እንጂ የደበቀን።»

ደጊቱ አንገቷን ነቀነቀችና ሄደች።

ፉሪ፣ ከፑል ቤቱ ፊት ለፊት፣ ብዙነሽ የምትባል ሴት ጎመንና ሽንኩርት ትሸጣለች። ከመደቧ ሥር የተጨፈለቀ የቲማቲም ጣሳ ወድቋል። ደጊቱ አነሣችው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ብዙነሽ? ይህን ምን ነካው?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ። አንዱ ጥጋበኛ በመኪና ጨፈለቀብኝ እንጂ! ነጭ መኪና ናት፣ ጎኗ የተላጠ። ቆማ ከሥሯ ውሃ ታንጠባጥባለች። እኔ ለዶሮዎቼ የማጠጣው የለኝ፤ ጣሳዬን ደቀንኩባት። ግማሽ እንደደረሰልኝ ነድቶባት ሄደ።»

«ሰው ነበረባት?»

«አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው ከኋላ ተኝተው ነበር። በመስታወት አየኋቸው። አሳዘኑኝ፤ እንቅልፋቸውን ልረብሽ አልፈለግኩም።» «ሽማግሌው ሞተዋል» አለች ደጊቱ። ብዙነሽ አፏን ያዘች። «ውይ! በሞትኩት!»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ተሰበሰቡ። መኪናዋ ነዳጅ ተጨምሮላት፣ በሮቿ ተከፍተው ቆማለች። ሙሴ እጁ በካቴና ነው። ስንዱ ዞር ብለው አላዩትም።

«ሙሴ፣ አስነሣት። ኤሲውንም» አለች ደጊቱ።

ሞተሩ ተነሣ። ሰው ሁሉ ዙሪያዋን ቆመ። ከቆይታ በኋላ ከመኪናዋ ሥር አንድ ጠብታ አቧራው ላይ ወደቀ። ሌላም ተከተለ። ደጊቱ የተጨፈለቀውን ጣሳ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠች።

«ይህች መኪና ቆማ የምታንጠባጥበው ቆማ ስታቀዘቅዝ ነው። ከመጠገኗ በፊት ቆማ አታቀዘቅዝም ነበር። አዴ ብዙነሽ ያዩዋት እንግዲህ ከተሠራች በኋላ ነው። ጋሼ ከኋላ ተኝተው ነበር። የተገኙት ግን በሾፌሩ ወንበር ላይ ነው። ሰው አዛውሯቸዋል።»

«ኤሲውንስ ራሱ አብርቶት ቢሆን?» አለ ሕዝቅያስ።

«ብርድ የሚፈሩ ሰው? የት እንደሚበራም አያውቁም ነበር።» ወደ ዓቢይ ዞረች። «ቆሞም ያቀዘቅዛል አልከኝ። ይህን የሚያውቅ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። ወይ ከተሠራች በኋላ ቆማ እያለች ውስጧ የተቀመጠ፣ ወይ ከሙሴ አፍ የሰማ። አንተ አላየኋትም፣ ሙሴንም አላገኘሁትም ብለሃል።»

ዓቢይ ጠብታውን ያያል።

«ነግሮኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «መካኒክ ሁሌ ሥራ ሊጨምር ያወራል ብዬ ናቅሁት። ተፍኪ ስወስደው ከኋላ እንቅልፍ ወሰደው። አንድ ጨዋታ ልጫወት ብዬ ገባሁ። እንዳይሞቀው ብዬ ኤሲውን ተውኩለት። ብርድ እንዳይመታው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ።» ወደ እናቱ ዞረ። «ስመለስ… ፈራሁ። መንገድ ዳር ወስጄ በሾፌሩ ወንበር አስቀመጥኩት፤ ሞተሩን ሳላጠፋ ሄድኩ። እማዬ፣ ጋቢውን እኔ ነኝ ያለበስኩት።»

ስንዱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሕዝቅያስ ክንዳቸውን ያዛቸው።

«ልትገድላቸው አላሰብክም» አለች ደጊቱ። «ይህን አምናለሁ። ግን ሰው በአንተ ፈንታ ሲታሰር ዝም አልክ። አባትህ እንደ ልጃቸው ያዩት የነበረ ሰው።»

ካቴናው ከሙሴ እጅ ወጣ። ወዲያው ዓቢይ እጁን ሳይጠየቅ ዘረጋ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እድርተኞች ዶማ ይዘው ቆመዋል። ሙሴ መጥቶ እጁን ለዶማው ዘረጋ።

«ጴንጤ እዚህ ይቆፍራል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ይቆፍር» አሉ ስንዱ። «ጌታቸው የእሱን ልጅ ጉድጓድ ሲቆፍር ማን ጠየቀው?»

መሬቱ እንደ ጡብ ደርቋል። ዶማው እየነጠረ ይመለሳል። ሊያግዙት ሲመጡ በእጁ ይመልሳቸዋል። ዓቢይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሞ ያያል። ሙሴ ጉድጓዱ ደረቱን ሲያልፍ ቆመ። መዳፉ ተልጦ ደምቷል። ጎንበስ ብሎ ወለሉን ደለደለ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቀመ።

«ጋሽዬ፣ የእርስዎ ጭቃ ነበር። የእኔ ድንጋይ ሆነ» አለ። «ይኸው።»

ወጣና ዶማውን ለእድርተኞቹ መለሰ።