ዘጠና ቁጠር

ልጁ የወደቀው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከተማሪዎች ሕንፃ ጣሪያ ላይ። ያረፈው የጀርባው ግቢ ውስጥ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች የሚጣሉበት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቦታ ነው። ልጁም ራሱ እንደዛ ግቢ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አብረውት ሲማሩ «ዝምታ» ብለው ከመጥራት በቀር ዞር ብሎ ያየው የለም።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ የጥበቃ ኃላፊው በር ላይ ተቀበላት።

«ግልጽ ነገር ነው፤ ራሱን ጥሎ ነው። ብቸኛ ልጅ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት መዝገቡን ቢዘጉልን ደስ ይለናል።»

«ብቸኛ ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል?» አለችው። እሷም ብቻዋን ነው የምትኖረው። አንድ ሰሃን፣ አንድ ሹካ፣ የማይጠራ ስልክ። ይሄን ግን ለኃላፊው አልነገረችውም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አናጺ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ያስታውቃሉ። የልጁ አባት።

«ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ደውሎልኝ ነበር» አሏት ገና ሳትጠይቃቸው። «መጋዙ ይጮህ ነበር፣ አልሰማሁትም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ ልጄ። ባነሳው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

መርማሪዋ አጠገባቸው ቁጭ አለችና «እስከ ማታ ይጠብቁኝ፣ አባቴ» አለቻቸው። «የማላውቀውን አልነግርዎትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ተራራ የሚወጡ ተማሪዎች ማህበር አባል ነበር። አባል ይባል እንጂ ተራራ ወጥቶ አያውቅም፤ ስራው ቲሸርትና ሁዲ ማተም ነው። የማህበሩ ልብስ ግቢው ውስጥ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው የሚሸጠው። ለዛሬ ደግሞ ሁለት መቶ ቲሸርት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የፊቱ ታትሞ አልቋል፣ ጀርባው ላይ የአባላቱ ቅጽል ስም በተራራ ቅርጽ ተደርድሮ ሊታተም ነበር። ያን ሊያዘጋጅ ወጣ፣ በዛው ወደቀ።

ማተሚያው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ዕቃ ቤት ናት። መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ወንበር። አንድ ብቻ። ግድግዳው ላይ በልጁ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦

«ጨርቅ ወጥር። አረንጓዴውን ቅባ። ጨለማ ውስጥ አድርቅ። ፊልሙንና መስታወቱን ጫን። ፀሐይ ላይ አውጣ። ዘጠና ቁጠር። ሸፍን። ሩጥ። እጠብ። ካለፈ ድንጋይ፣ ካነሰ ውሃ።»

መርማሪዋ ሦስቴ አነበበችው። ፀሐይ የነካው አረንጓዴ ቅብ ይጠነክራል፤ ብርሃን በሚያሳልፈው ፊልም ላይ ባለው ጥቁር ፊደል የተጋረደው ይለሰልሳል፣ ሲታጠብ ይሄዳል፣ ቀለሙ በዛ በኩል ያልፋል። ጊዜው ካለፈ ሁሉም ድንጋይ ይሆናል፤ ካነሰ ሁሉም ታጥቦ ይሄዳል። ገባት።

መደርደሪያው ላይ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ስስ ጨርቅ የተወጠረበት አንድ የእንጨት ፍሬም ተቀምጧል። ሳትፈታው በጣቷ ዳሰሰችው። መስታወቱም ፊልሙም ላዩ ላይ ናቸው። ከቧንቧው ስር ያለው ገንዳ ግን ደረቅ ነው።

ከሬሳው ጋር የተገኙትን ዕቃዎች ከያዘችው ፖስታ አወጣች። የተማሪ መታወቂያ፣ የተሰበረ ስልክ፣ እና ባንገት የሚንጠለጠል፣ የስፖርት አስተማሪዎች የሚይዙት የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ቀስቱ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ላይ ቆሟል።

መጀመሪያ ያናገረችው የሕንፃውን ጠባቂ ነው። ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ብዛቱ ለጉድ ነው፤ ተማሪዎቹ «ጋሽ ቁልፉ» ነው የሚሏቸው።

«የጣሪያውን ቁልፍ ማን ወሰደ?»

«እሱው ነዋ። ሁሌም እሱ ነው። ይወጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዛ ደረጃውን እየሮጠ ይወርዳል። ትናንትም ሲወርድ ሰምቼዋለሁ፣ ድብ ድብ ድብ! እኔን የገረመኝ ግን...»

«ምን?»

«ሁሌ ሩጫው እንዳለቀ ቧንቧው ይከፈታል። ሹሹሹ ይላል፣ ያለሁበት ድረስ ይሰማል። ትናንት ውሃ አልሰማሁም። ትንሽ ቆይቼ ወንበር ልጥል በጀርባ ስወጣ ወድቆ አገኘሁት። ወርዶ አልነበር እንዴ? መቼ ተመልሶ ወጣ?»

«ሲወርድ አይተውታል?»

ጋሽ ቁልፉ አሰቡ። «እግር ነው የሰማሁት። ፊት አላየሁም።»

ሁለተኛዋ ልብሱን የምትሸጠው ልጅ ናት። ካርቶን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ በየክፍሉ ስለምትዞር «ሱቅ በደረቴ» ይሏታል። አዳራሹ ውስጥ ቲሸርት እያጣጠፈች ነበር፤ እያለቀሰች፣ ግን እጇ አላቆመም።

«ፍሬም መስራት ትችያለሽ?»

«እኔ? ኧረ በማርያም! አንዴ ጥቁሩን ጨርቅ አቧራ መከላከያ መስሎኝ ገለጥኩትና ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ ለምን እንደተናደደ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መቼስ እሱ ሲናደድም ሲደሰትም ያው ዝም ነው፣ ልዩነቱን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።»

«ትናንት ስምንት ተኩል ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ከእኔ ጋር አራት ልጆች ነበሩ። የማህበሩ ሊቀመንበር ቆይቶ መጣ፣ በጎን በር። ላብ አጥምቆት ነበር። ወዲያው የጋሽ ቁልፉ ጩኸት ተሰማ።» ከዛ ድምጿን ቀነስ አደረገች። «የሁሉንም ሰው የልብስ ሳይዝ የመዘገበው ዝምታ ነው፤ የእሱን ሳይዝ ግን ጠይቄው አላውቅም። የማህበሩን ቲሸርት ለብሶም አይቼው አላውቅም።»

ወደ ሊቀመንበሩ ስትሄድ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆም አለች። የተማሪዎች ጋዜጣ ቅዳጅ ተለጥፏል። ሊቀመንበሩ ፍሬም ይዞ ፈገግ ብሏል። ከስሩ፦ «ዲዛይን ከማውጣት እስከ ማተም በገዛ እጁ፤ ከምረቃ በፊት በማስታወቂያ ድርጅት የተቀጠረው ወጣት።»

ሊቀመንበሩ መልከ መልካም፣ አፈ ጮሌ ልጅ ነው። ቅጽል ስሙ «አናት»።

«እኔ ፍሬም ነክቼ አላውቅም» አለ። «ሕትመቱን በሙሉ እሱ ነበር የሚሰራው፣ ነፍሱን ይማር። እኔ አስተዳደር ነኝ። በጣም ዝግ ልጅ ነበር፣ ኢንስፔክተር። አንድ ቀን እንዲህ እንደሚያደርግ...»

«ትናንት አገኘኸው?»

«ጠዋት ብቻ።»

መርማሪዋ ስለ ጋዜጣው ትንፍሽ አላለችም። አመስግናው ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ዕቃ ቤቷ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጋሽ ቁልፉ በሩ ላይ፣ ሱቅ በደረቴ ቧንቧው ጋ፣ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ። አባትየው ያችው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መርማሪዋ የመስኮቱን ጥቁር ጨርቅ ገለጥ አደረገችው። ፀሐዩ ገባ። ከዛ ፍሬሙን ከመደርደሪያው አወረደችና መስኮቱ ጋ ቆማ ጥቅልሉን መፍታት ጀመረች።

«ኧረ መስኮቱን! ይቃጠላል!»

ሊቀመንበሩ ነው። ሁለት እርምጃ ተራምዶ እጁን ጨርቁ ላይ አድርጎ ነበር።

መርማሪዋ መፍታቷን አቆመች።

«ይቃጠላል?» አለች መርማሪዋ። «ሱቅ በደረቴ ዝም አለች። ጋሽ ቁልፉም ዝም አሉ። ፍሬም ነክቶ የማያውቀው ግን ደነገጠ።» መስኮቱን መልሳ ሸፈነችና ፍሬሙን ለልጅቷ ሰጠቻት። «እጠቢው።»

ውሃው ሹሹሹ አለ። አረንጓዴው ቅብ ከፊደሎቹ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ። ስሞች ወጡ። ጥርት ያሉ፣ አንድ ጭረት እንኳ ያልጎደላቸው።

«አሁን አብራችሁኝ አስቡ። ሁላችሁም ልጁ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ ራሱን ጣለ ነው የምትሉኝ፤ ጋሽ ቁልፉ ሩጫ ስለሰሙ። እሺ። ግን ይቺ ሰዓት» ከፖስታው አወጣቻት «ሃምሳ ሁለት ላይ ነው የተሰበረችው። ሲወድቅ ገና እየቆጠረ ነበር። ፍሬሙ ፀሐይ ላይ ነበር።»

«ሰዓቱን ሌላ ጊዜ አስነስቶት ቢሆንስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ፍሬሙ ተጠቅልሎ ታች ከተቀመጠ ጣሪያ ላይ ምን ሊቆጥር? ደመና?» ወደ ወረቀቱ ጠቆመች። «ካለፈ ድንጋይ፣ ካነሰ ውሃ። እሱ ሲወድቅ ማንም ጣሪያው ላይ ባይኖር ይሄ ፍሬም ድንጋይ ይሆን ነበር። ስራውን የማያውቅ ሰው ደንግጦ ሃምሳ ሁለት ላይ ቢሸፍነው አሁን ውሃ ይዞት ይሄድ ነበር። አያችሁት፣ ንጹህ ነው። አንድ ሰው ቀሪዋን ሠላሳ ስምንት ቆሞ ቆጥሯል። ከዛ ሸፍኖ፣ እየሮጠ ወርዶ፣ እዚህ አስቀምጦ፣ በጎን በር አዳራሽ ገብቷል። ማጠብ ብቻ ነው የቀረው። ቧንቧው ስለሚሰማ ተወው። እዚህ ግቢ ውስጥ ይሄን ስራ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል። ሌላው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል።»

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። ከዛ በኋላ ድምጹ የሱ አይመስልም ነበር።

«እሱ ነው ያስተማረኝ። ጋዜጣው... አንዴ ነው የዋሸሁት፣ ከዛ ስራ አገኘሁበት። ትናንት፣ ነገ ሽያጩ ላይ ማን እንደሰራው ብቻ ተናገር አለኝ። አንድ ጊዜ፣ በማይክ። በሦስት ዓመት የጠየቀኝ እሷን ብቻ ነው። አልችልም አልኩት። እየቆጠረ እጄን ያዘኝ፣ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። የጣሪያው ጠርዝ ግንብ እኮ ጉልበት እንኳ አይደርስም።»

«ከዛስ?»

«ጮክ ብሎ ነበር የሚቆጥረው። ሃምሳ ሁለት ላይ... ቀጠልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ነገ ሽያጭ ነበር። ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ አራት...»

«ሰው ወድቆ!» አለች ሱቅ በደረቴ። «ታች ወርደህ ብታየው ምን ነበር? ይተነፍስ ይሆናል ብለህ ብታየው!»

ኃላፊው ሰዓቱን ማየት ትቶ ስልኩን አወጣ፤ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ሊቀመንበሩን ይዘውት ወጡ። ደረጃው ላይ የእግሩ ድምጽ እየራቀ ሄደ። በቀስታ ነው የወረደው።

አባትየው ከወንበሩ አልተነሱም ነበር። አሁን ተነሱና ከፍሬሙ የሚንጠባጠበውን ውሃ በእጃቸው መዳፍ ጠረጉ። ማዕዘኑን ዳሰሱ።

«ይሄን እንጨት እኔ ነኝ የገጠምኩት። ስድስት ላክልኝ ብሎኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።» ጣታቸው ስሞቹ ላይ ወረደ። አናት ከላይ ነው፤ ሠላሳ ዘጠኙ ከስር እየሰፉ ይወርዳሉ። ከሁሉም ታች፣ ጥግ ላይ፣ አርባ አንደኛ ስም አለ። ጣታቸው እዛ ላይ ቆመ።

«አለኝታ» ብላ አነበበች ሱቅ በደረቴ። «ይሄ ደግሞ ማነው? እንዲህ የሚባል አባል የለንም።»

«እኔ ነኝ እንዲህ የምለው» አሉ አባትየው። «ቤት ውስጥ። እኔ ብቻ።»

መርማሪዋ አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ የጠየቁኝን አሁን አውቄዋለሁ። ሊሞት የሄደ ሰው ስሙን ከሰው መሐል አይጽፍም። ዘጠናም አይቆጥርም። የደወለው ሊሰናበትዎት አይደለም። ይሄን ሊነግርዎት ይመስለኛል።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው ልጁ ያን ሁሉ ዝምታ ከየት እንዳመጣው ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ የገባው።

ፍሬሙ ማስረጃ ነው፤ መርማሪዋ ይዛው መሄድ ነበረባት። ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና «ሥራ አለኝ፣ ትንሽ ልጻፍ» ብላ ደብተሯን ከፈተች። ሱቅ በደረቴ ገብቷታል። ፍሬሙ ሲደርቅ ቀለም አመጣች፣ አንድ ቲሸርት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ፍሬሙን ላዩ ላይ አድርጋ ቀለሙን ጎተተችው። ጠመም አለ። አንዳንዱ ስም ደበዘዘ። የታችኛው ግን ደህና ወጥቷል።

«አይ፣ ሳይዙን አልጠየቅኩም» አለች ድንገት። «የሱን ሳይዝ ማንም አያውቅም እኮ።»

አባትየው ኮታቸውን አወለቁና ጀርባቸውን ሰጧት።

«በእኔ ለኪው» አሉ። «ትከሻችን እኩል ነው።»