ለፀሐይ የወረወርኩት ጥርስ

ወላሂ እውነት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ውሸቷን ነው የሚል ካለ እስክንድርያ ይምጣ። ባሕሪ ሰፈር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ "ሐጃ ኢንሺራህ የት ናት?" ብሎ ይጠይቅ። ቤቴን ያሳዩታል። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ አሳየዋለሁ።

ሌላ ማስረጃ የለኝም...

እንደሌላው ሰው ታሪክ በድቅድቅ ጨለማ የሆነ አይደለም። የሆነው በብርሃን ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ፀሐይ ባሕሩን ልትነካ ስትል፣ እኛው ቤት ጣሪያ ላይ።

ግን ከጥርሴ ልጀምር።

እኔን ሰፈሩ የሚያውቀኝ በእልልታዬ ነው። ኢንሺራህ እልል ያላለችበት ሠርግ፣ ሠርግ ሳይሆን ስብሰባ ነው ይባል ነበር። ታዲያ ጥርሶቼ ገና በደህናው ዕድሜዬ ድዴ ታሞ አንድ በአንድ ጥለውኝ ሄዱ። በምትካቸው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባሁ።

ያ ጥርስ ጠላቴ ነበር።

ሳወራ ቀጭ... ቀጭ... ይላል። ድዴን ይልጠዋል። የተጠበሰ በቆሎ በዓይኔ ብቻ ነበር የምበላው። በማጣበቂያ ብለጥፈው ምሳ ሳይደርስ ይላቀቃል። ስለዚህ ሰው ፊት ስሆን እጄን ወደ አፌ አነሳና በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ገፋ አደርገዋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ቀረ።

አንዴ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል ተሰነጠቀ። ያስጠገንኩት ሰው የለጠፈበት ነገር ከጥርሱ ሰው ሠራሽ ድድ ቀለም ጠቆር ያለ ስለነበር መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ያቺን መስመር አትርሷት።

የጎረቤቴ የፊክሪያ ልጅ ሲዳር ነው ጉዴ የፈላው። ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታውን አቀለጥኩት... ጥርሱ ከአፌ ተስፈንጥሮ ወጣና ሄዶ የሙሽራው የባስቡሳ ኬክ ሳህን ላይ አረፈ።

"ሐጃ!" አለች ፊክሪያ፣ ከሙዚቃው በላይ ጮኻ። "ስጦታሽ ደርሶናል፤ አላህ ይስጥልን!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ሉብና ግን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሉብና ስትስቅ ቀድማ የምትታየው በግራ በኩል ያለችው የፊት ጥርሷ ናት። አጠገቧ ያለችው ጥርስ ላይ ትንሽ ወጣ ያለች፣ የዱባ ፍሬ ስትፈለፍል ጠርዟ የተሸረፈች። አባቷ ነፍሱን ይማረውና "ይቺ ጥርስ አትታዘዝም" እያለ ይቀልድባት ነበር። ከዓለም ቆንጆ ነገር አንድ ምረጪ ብትሉኝ ያቺን ጥርስ ነው የምመርጠው።

ቤት ስንገባ ሳቋን አቆመች።

"እማ፣ በኔ ሠርግ እልል ካላልሽልኝ አላገባም" አለችኝ። ያኔ ለሹክሪ ታጭታ ነበር።

በነጋታው የጥርስ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ዶክተር ዋጊህ ይባላል፤ ሲሠራ የሚያፏጭ ደግ ሰው ነው።

"ሁለት ዓይነት አለ ሐጃ" አለኝ። "ሁለቱም አጥንት ውስጥ በሚተከል ብሎን ላይ ነው የሚቀመጡት። አንዱን አንቺው ራስሽ አውልቀሽ ታጥቢዋለሽ። ሌላው ግን ይታሰራል። ከሐኪም በቀር የሚፈታው የለም።"

"እሰረው።"

"አስቢበት እንጂ። የሚወልቀው ለማጽዳትም ይቀላል..."

"ማውለቅ አንገሸገሸኝ ልጄ! የሙሽራ እናት ነኝ። እሰረው አልኩህ።"

በገዛ አፌ ነው ያልኩት። እሰረው...

ብሎኖቹ ተተከሉ። አጥንቱ እስኪይዛቸው ወራት ጠበቅሁ። በመጨረሻ አዲሱ ጥርስ ታሰረ። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ከአንዱ የማይበልጥ። ከክሊኒኩ ስወጣ ፖም ገዝቼ መንገድ ላይ ገመጥኩት። ኮሽ ሲል እንባዬ መጣ። ሰው ያየኛል ብዬ እንኳ አላፈርኩም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ፊክሪያ ልብስ ታሰጣለች። ሉብና አጥሩን ተደግፋ ባሕሩን ታያለች። አሮጌው ጥርስ በመሀረብ ተጠቅልሎ እጄ ላይ አለ።

"ምን ልታደርጊው ነው? ሙዚየም ልትሰጪው?" አለች ፊክሪያ።

"ለፀሐይ ነዋ!"

እኛ ዘንድ የልጅ ጥርስ ሲወልቅ ወደ ፀሐይ ይወረወራል። ይህን ያላደረገ ልጅ የለም። ሲወረወር የሚባለውንም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አሮጌ ሰጥቶ አዲስ መለመኛ ነው።

ሉብና ሳቀች። "እማ፣ እሱ እኮ የልጆች ነው። ደግሞ በጠዋት ነው የሚወረወረው።"

እውነቷን ነው። እናቴ፣ "ፀሐይ ስትጠልቅ ምንም አትለምኗት። ቸኩላለች፤ ከሩቅ አታመጣም፤ ቅርብ ያገኘችውን ነው የምትሰጠው" ትለን ነበር። ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ደስታ ላይ ነበርኩ... ደስ ያለው ሰው የማንን ምክር ይሰማል?

ክንዴን ወደኋላ ሳብኩና ወረወርኩት።

"ፀሐይ ፀሐይቱ! የአህያውን ጥርስ እንኪ፣ የሙሽራይቱን ጥርስ አምጪ!"

ፊክሪያ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

እኔ ግን ጆሮዬን አቀናሁ። ከቤታችን ሥር የዓሣ ገበያው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። የለውዝ ልጣጭ ቢወድቅበት እንኳ ይሰማል።

ጠበቅሁ...

ምንም።

ፊክሪያ በአጥሩ በኩል አንገቷን አሰገገች። "የለም" አለች። "ወፍ ቀልቦት ይሆናል።"

ሰማዩ ላይ ወፍ አልነበረም።

ያኔ ሉብና ጉንጯን ያዝ አደረገች።

"ምነው?"

"ምንም... ነፋስ ገባኝ መሰለኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወት አየሁ። ከአዲሶቹ ጥርሶቼ አንዷ ትንሽ ዘመም ብላለች። በግራ በኩል፣ ከፊት። ገና ከእንቅልፌ መነሳቴ ስለሆነ ዓይኔን ነው የጠረጠርኩት።

በምላሴ ነካኋት።

ጠርዟ ተሸርፏል።

ሐኪሙ የሰጠኝ እንዲህ ያለ ጥርስ አልነበረም። ወደ ማዕድ ቤት ስገባ ሉብና የፉል ሳህኗን አስቀምጣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

"ሉብና?"

ዞረች። አንድ እጇ አፏ ላይ ነው። ሌላውን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ላይ ጥርስ የለም... ደምም የለም... ምንም የለም።

"ጠፋች" አለች በሹክሹክታ። "አልወደቀችም። ስነቃ የለችም።"

"አፍሽን ክፈቺ።"

ከፈተች። ያቺ ጥርስ የነበረችበት ቦታ ድዷ ለስልሶ ተዘግቷል። ጥርስ በቅሎበት የማያውቅ የሕፃን ድድ ነው የሚመስለው።

ልጄ ግን የምታየው እኔን ነበር። ትኩር ብላ አፌን ታያለች።

"እማ..."

"አቤት የኔ ዓለም?"

"ያቺ እኮ የኔ ናት።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዶክተር ዋጊህ ጋ ስደርስ ገና ነጭ ካፖርቱን እየለበሰ ነበር። ሉብናን ውጪ ወንበር ላይ አስቀምጬ ገባሁ።

"ፍታው!" አልኩት። "ሁሉንም ፍታው። የድሮው ይሻለኛል። ያለ ጥርስም እኖራለሁ።"

"ረጋ በይ ሐጃ። አመመሽ?"

"ፍታው ብቻ!"

መብራቱን አብርቶ አፌ ውስጥ ገባ። እንደ ልማዱ ያፏጫል። ከዚያ ፉጨቱ ተቋረጠ።

"ብሎኑ የታለ?" አለ ለራሱ።

ራጅ አነሳኝ። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ቀረብ ብሎ አየው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ማየት እችላለሁ። በግራ በኩል፣ ከዛች ጥርስ በላይ፣ ብሎኑ የለም። አጥንቴ ውስጥ የገባው ሥር ነው። የእውነተኛ ጥርስ ሥር።

"ሐጃ... ይሄ የኔ ሥራ አይደለም" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እንግዲያው ንቀላት!"

አደነዘዘኝና በጉጠት ያዛት። ገና ነቅነቅ ሲያደርጋት...

ውጪ ሉብና ጮኸች።

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጉጠቱ ከእጁ ወደቀ። እኔ ምንም አልተሰማኝም፤ ደንዝዤያለሁ። ያመማት እሷን ነው።

"ሌላ ሐኪም ፈልጊ" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። "በአላህ ይዤሻለሁ፣ እኔን ተይኝ።"

ሌላ ሐኪም ምን ይሠራልኛል? ጥርሷ በተነካ ቁጥር ልጄ እየጮኸች?

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ጠዋት ስነሳ ምላሴን ማንቀሳቀስ እፈራለሁ። አንቀሳቅሰዋለሁ። ሌላ ጥርስ ተለውጧል። ከግድግዳው ወዲያ ሉብና ቀስ ብላ ታለቅሳለች።

ጎህ ሲቀድ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ፀሐይን ለመንኳት። በትክክለኛው ሰዓት፣ ፊት ለፊት ቆሜ። "የራስሽን ውሰጂ። የልጄን መልሺላት። እኔ ድዴ ይበቃኛል" አልኳት። ፀሐይ እንደማንኛውም ቀን ወጣች። ዓሣ አጥማጆቹ እየተሳደቡ ጀልባቸውን ገፉ። ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ለልጄ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

"ሠርጉን እናራዝመው" አልኳት አንድ ቀን።

እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። በዚያን ጊዜ በአፏ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ማውራትም ትታ ነበር። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ በተኮላተፈ አንደበት፣ "ሹክሪ ካወቀ ይተወኛል። ዓይነ ርግብ አደርጋለሁ። አልስቅም" አለችኝ።

አልስቅም አለች፤ ልጄ በሠርጓ ቀን...

የሠርጉ ጠዋት ምላሴን ሳዞር አፌ ሞልቶ ነበር። አንድም የኔ የለበትም።

ወደ ክፍሏ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ፀጉር ሠሪዋ ውስጥ ናት። ልጄ ታወራለች። እየሳቀች ነው የምታወራው! ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። ተመለሰላት አልኩ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ቀጭ... ቀጭ...

በሩን ለማንኳኳት ያነሳሁት እጄ አየር ላይ ቀረ።

አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሙሽሮቹን ባሕሩ ዳር በተተከለው ድንኳን ውስጥ አስቀመጥናቸው። ሉብና ፊቷን ሸፍናለች። ከበሮው ይደለቃል። ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል።

"ኢንሺራህ! እልል በይ እንጂ!"

ከንፈሬን ገጠምኩ። ፊክሪያ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ምን ነካሽ? የሙሽራ እናት ዝም ስትል ሟርት ነው። ልጅሽን ልትረግሚያት ነው እንዴ?"

ከዓይነ ርግቡ ሥር ሉብና ወደኔ ዞረች። በቀስታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። በይ እንጂ እማ ማለቷ ነበር።

አፌን ከፈትኩ።

እድሜ ልኬን እንደዚያ እልል ብዬ አላውቅም። እልልታው ጠራ፣ ቀጠነ፣ ረዘመ፣ ከበሮውን ዋጠው። አጨበጨቡልኝ። ፊክሪያ አቀፈችኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከልጄ ላይ አልነቀልኩም።

ሹክሪ ዓይነ ርግቡን ገለጠ።

ሉብና ፈገግ አለች።

አፏ ሙሉ ጥርስ ነበር። ሻይ ያበለዛቸው ናቸው። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል፣ ድዱ ላይ፣ ጠቆር ያለች ቀጭን መስመር ትታያለች።

ከጀርባዋ ፀሐይ ባሕሩን ልትነካ ትንሽ ቀርቷታል።

ልጄ እኔን እያየች እጇን ቀስ አድርጋ ወደ አፏ አነሳች...

በአውራ ጣቷም ወደ ላይ ገፋ አደረገችው።